የውጭ አየር መንገድ ወደ ቦሌ በረራ ሲጨምር ማን ይጠቀማል?

የስታዲየሟ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6:40

ሰላም ለሁላችሁም። ስታዲየም አካባቢ ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው። ሰሞኑን እኛ ሙያ ውስጥ አንድ ወሬ አለ። ከባሕረ ሰላጤው አንዱ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርገውን በረራ ሊያበዛ ነው ይባላል። ገና ያለቀ ነገር ስላልሆነ ስሙን አልጠራም። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ግን ደንበኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ "እሰይ፣ አሁን ዋጋው ይረክሳል" ይላል። ገሚሱ ደግሞ "የራሳችንን አየር መንገድ ሊያዳክሙት ነው" ብሎ ይቆጫል።

እኔ ሁለቱም ወገን የበረራውን ቁጥር ብቻ እያየ ነው ባይ ነኝ። በሳምንት አራት የነበረው ሰባት ሆነ መባሉ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? በምን ዓይነት አውሮፕላን? መንገደኛው ዱባይ ወይም ዶሃ የሚቀር ነው ወይስ አልፎ የሚሄድ? ስንት ኪሎ ይፈቀድለታል? ትኬቱን መቀየር ቢፈልግ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያናግረው ሰው ያገኛል? የእኛስ አየር መንገድ በምላሹ እዚያ ምን ተፈቀደለት? እነዚህ ሳይመለሱ "ጥሩ ነው" ወይም "መጥፎ ነው" ማለት ይከብደኛል።

የውጭ አየር መንገድ ለቦሌ አዲስ እንግዳ አይደለም። ኤምሬትስ፣ ፍላይዱባይ፣ ኳታር፣ ሳውዲያ፣ ተርኪሽ፣ ሉፍታንዛ፣ ኢጂፕትኤር ሁሉም ያርፋሉ። እናንተ ስትበሩ ምን አያችሁ? ምን እንዲለወጥ ትፈልጋላችሁ? ነጋዴም፣ ተማሪም፣ አረብ አገር የሠራም ሰው ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

የሰንጋ ተራ ልጅ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7:25

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። እኔ ግን በሩ ጠበብ ቢል ይሻላል እላለሁ። አየር መንገዳችን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። በ1946 በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። በ1960 ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካን ከምዕራቡ ጋር በአየር አገናኘ። ጦርነትም፣ ድርቅም፣ የመንግሥት ለውጥም አልፎበት እዚህ ደርሷል።

የሌሎቹን የአፍሪካ አገሮች ታሪክ እዩ። ዛምቢያ ኤርዌይስ በ1994 ተዘጋ። ኤር አፍሪክ በ2002፣ ናይጄሪያ ኤርዌይስ በ2003፣ ጋና ኤርዌይስ በ2004 ተከተሉ። ዛሬ የሌጎስ ሰው ወደ ለንደን ሲሄድ ገንዘቡ የት ነው የሚገባው? ብዙው የውጭ ኩባንያ ኪስ ውስጥ ነው። እኛ ያለንን ይዘን መቆየት አለብን። የባሕረ ሰላጤዎቹ ከኋላቸው የነዳጅ ገንዘብ አለ። ኪሳራ ችለው ዋጋ ሊሰብሩ ይችላሉ። ተፎካካሪ ሲጠፋ መልሰው ይሰቅሉታል። ያኔ ማንን እንጠይቃለን?

መርካቶ ሸራ ተራ | ሰኞ፣ ከቀኑ 8:10

ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን እኔ ዕቃ አምጥቼ ሸጬ የምኖር ሰው ነኝ። ዱባይ መስመር ላይ በቀጥታ የሚበር ከአንድ በላይ አለ፤ የእኛው አለ፣ ኤምሬትስ አለ፣ ፍላይዱባይ አለ። እዚያ መስመር ላይ ዋጋ ጠይቄ፣ አነጻጽሬ፣ ቀን መርጬ ነው የምሄደው። አንድ ብቻ በቀጥታ በሚበርበት መስመር ላይ ግን የተባልኩትን ነው የምከፍለው። ይህን ማንም ነጋዴ ያውቀዋል።

ለእኔ ዋናው ነገር ኪሎ ነው። ትኬቱ ረክሶ ኪሎው ካነሰ አልረከሰም። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚሰጥህ አየር መንገድ አለ። አንድ ሻንጣ ብቻ ሰጥቶ ለቀሪው በኪሎ የሚያስከፍልህም አለ። ኢስታንቡል የጅምላ ልብስ ሰፈሩ ላሌሊ ወርደህ የልብስ ናሙና ስትሰበስብ፣ ስትመለስ ሻንጣህ ያብጣል። ኤርፖርት ላይ ትርፍ ኪሎ ክፈል ስትባል የዕቃው ትርፍ እዚያው ሚዛኑ ላይ ያልቃል። አዲስ ነጋዴ በትኬት ዋጋ ሲደሰት ሳይ ሁልጊዜ "ኪሎውን አየኸው?" እለዋለሁ።

የድሮው መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ልጆች፣ ውይይታችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ብዙ ዓመት ቦሌ ራምፕ ላይ፣ አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ ላይ ማለት ነው፣ ሠርቻለሁ። የእኛንም የውጭውንም አውሮፕላን ተቀብዬ ሸኝቻለሁ። ጥቂት ልበል።

የሰንጋ ተራው ልጄ የጠራቸው ኩባንያዎች ወድቀዋል፤ እውነት ነው። የወደቁት ግን በሩ ስለተከፈተ ብቻ አይደለም። ኤር አፍሪክን ውሰድ። የብዙ መንግሥታት የጋራ ንብረት ነበር። ሁሉም ሠራተኛ ይቀጥርበታል፣ ሁሉም ባለሥልጣን ይሳፈርበታል፤ ዕዳውን ግን የእኔ ነው የሚል አልነበረም። በ1994 እነዚያ አገሮች የሚገበያዩበት ገንዘብ፣ ሴኤፋ ፍራንክ፣ ዋጋው በግማሽ ሲወርድ በዶላር ያለበት ዕዳ በአገሩ ገንዘብ ሲሰላ እጥፍ ሆነ። ከዚያ በኋላ ተንገዳግዶ ተንገዳግዶ ወደቀ። የእኛ የቆየው በር ዘግተን አይደለም። ፓይለቱንም፣ መካኒኩንም፣ አስተናጋጁንም ራሳችን ስላሠለጠንን ነው። አስተዳዳሪዎቹ ንግዱን እንደ ንግድ ስለያዙትም ነው።

ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንድ የውጭ አውሮፕላን ቦሌ ሲያርፍ ማን ይቀበለዋል? የማረፊያውን ክፍያ ማን ይሰበስባል? ሻንጣውን ማን ያወርዳል? ለመልሱ ጉዞ ምግቡን ማን ያበስላል? ኤርፖርቶቹ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ናቸው። ምግብ ቤቱም፣ የመሬት ላይ አገልግሎቱም እዚያው ነው። ስለዚህ ተፎካካሪው በመጣ ቁጥር ደንበኛም ሆኖ ነው የሚመጣው። መንገደኛ ይወስድብናል፣ ግን ይከፍለናል። ሒሳቡ ሲሠራ ሁለቱንም ጎን ማየት ነው።

ስለ አውሮፕላኑ ዓይነት ያነሳሽው ልጄ፣ ትክክል ነሽ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት አየር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ረዘም አድርጎ ማኮብኮብ አለበት፤ ካልሆነ ክብደት ይቀንሳል። የእኛ አሜሪካ የሚሄደው በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው፣ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሞልቶ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከዚህ መነሳት ይከብደዋል። ለባሕረ ሰላጤዎቹ ይህ ብዙም ችግር አይደለም። መንገዳቸው የአራት ሰዓት ገደማ ነው። ነዳጃቸው ትንሽ ነው፣ ሌሊት ደግሞ አየሩ ቀዝቅዞ ጠንከር ይላል።

የስታዲየሟ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የከፍታውን ነገር ደንበኞቼ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። "ሲሄድ ለምን ያርፋል?" ለሚለኝ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን መልስ ነው የምሰጠው።

መርካቶ፣ አንተ ያልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ቢሮዬ መጥቶ የሚቆጣበት ነገር አለ። "ከናይሮቢ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ቻይና የሚሄድ ሰው ከእኔ ባነሰ ዋጋ ይበራል፤ እንዴት ነው ነገሩ?" ይለኛል። ያጋጥማል። የእኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። ዱባይም፣ ኢስታንቡልም፣ ፍራንክፈርትም እንዲሁ ነው። የናይሮቢው ሰው በማንኛውም ከተማ በኩል መሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ይለማመጡታል። የአዲስ አበባው ሰው ግን ቀጥታውን ነው የሚፈልገው። ቀጥታው ደግሞ አንድ ነው። ዋጋው በአማራጭ ብዛት እንጂ በርቀት አይወሰንም።

የውጭ አየር መንገድ እዚህ በረራ ሲጨምር እኛም እንደ ናይሮቢው ሰው አማራጭ እናገኛለን። የምደግፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ትርፉ የሚታየው አልፎ ለሚሄደው መንገደኛ ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ ለሚወርደው ያን ያህል ላይሆን ይችላል።

ሚኪ 22 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

በአጭሩ፣ ዋጋ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም?

የስታዲየሟ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

በዶላር ሊቀንስ ይችላል። በብር ግን እኔ ቃል አልገባም። ትኬት የሚተመነው በዶላር ነው። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር አንድ ሳንቲም ያልጨመረ ትኬት በብር እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ያን ሰሞን ቢሮ ውስጥ የነበረውን ፊት አልረሳውም። ልጃቸውን ለማየት ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙ እናቶች ነበሩ።

ከቤይሩት የተመለስኩ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

እኔ ስለ ፖሊሲ ብዙ አላውቅም። የማውቀው ተሳፍሬ ነው። ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። የውጭ አየር መንገድ በረራ ጨመረ ሲባል እኔ የማስበው ስለ እነዚያ ልጆች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የሚያዩት፣ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ፌስታል ይዘው የሚሄዱት።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ትኬቱ ላይ "ረቡዕ 00:55" ይላል። ልጅቷ ረቡዕ ቀን ተዘጋጅታ ረቡዕ ማታ ኤርፖርት ትደርሳለች። አውሮፕላኑ የሄደው ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:55 ላይ ነው። ማክሰኞ ከእራት በኋላ ከቤት መውጣት ነበረባት። ያመለጣቸው ልጆች ኤርፖርት በር ላይ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ደላላው ስልኩን አያነሳም። ትኬቱን ለመቀየር ቅጣት አለ። ቅጣቱ ደግሞ ዕዳቸው ላይ ይደመራል። ከእነዚህ የውጭ በረራዎች ብዙዎቹ ሌሊት ነው የሚነሱት። በረራው ሲበዛ የሚያመልጠውም ይበዛል፤ የሚነግራቸው ሰው ካልተገኘ።

ሁለተኛው ትራንዚት ነው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ሌላ አገር ኤርፖርት ውስጥ አድሬያለሁ። መግቢያው በር ተቀይሮ ነበር። በእንግሊዝኛና በአረብኛ ተነገረ። አረብኛ እሰማለሁና እኔ ተረፍኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ግን አልሰሙም። ያን ጊዜ ተሯሩጬ ስድስቱንም ይዤ ሄድኩ። እኔ ባልኖርስ? ዋይፋዩ ኮድ የሚልከው በስልክ ቁጥር ነበር። የእነሱ ሲም ደግሞ እዚያ አይሠራም። ቤተሰብ ደውሎ መጠየቅ እንኳን አይችሉም።

ከዚህ ከተማ ወደ አረብ አገር ከሚበረው ሰው መሃል ብዙዎቹ እኛ ነን። ገንዘቡን የምንከፍለው እኛ ነን። ስለዚህ አንድ የውጭ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በረራ ሊያበዛ ከሆነ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚችል ሰው አውሮፕላኑ ውስጥም መቀየሪያው ኤርፖርት ላይም ያስቀምጥ። ይህን እንደ ልመና አይደለም የምለው። የደንበኛ መብት ነው።

የስታዲየሟ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40

እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። እኛ ቢሮ የሌሊት ትኬት ስንቆርጥ ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእጃችን "ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ተገኚ" ብለን እንጽፋለን። በአበሻ አቆጣጠር፣ በቀኑ ስም። ሁሉም ትኬት ቢሮ እንዲህ ቢያደርግ ስንት ዕንባ ይቀር ነበር። አየር መንገዶቹም በስልክ የሚልኩት መልእክት ላይ ቢጨምሩት አይከብዳቸውም።

ካርጎ ቦሌ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5:20

የመንገደኛው ተወራ፤ ስለ ጭነቱም ልጻፍ። እኔ የሥጋ ላኪዎችን ወረቀት አስጨርሳለሁ። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ አቀዝቅዘው ወደ ዱባይና ወደ ሳውዲ ይልካሉ። ሥጋው በረዶ አይደለም፤ የቀዘቀዘ ነው። ስለዚህ ቀን መቁጠር አይችልም። በረምዳንና በአረፋ ሰሞን ቦታ ለማግኘት የምናየውን አሳር እኛ ነን የምናውቀው።

የመንገደኛ አውሮፕላን ከወንበሩ ሥር ጭነት ይይዛል። የምን ያህል ጭነት? እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። ባለ አንድ መተላለፊያው፣ እንደ 737 ያለው፣ ሆዱ ጠባብ ነው። ሳጥኑ አንድ በአንድ በእጅ ይደረደራል። የመንገደኛ ሻንጣ ከገባ በኋላ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ሰፊው፣ እንደ 777 ያለው፣ ጭነቱ የተደረደረበትን ፓሌት እንዳለ በማሽን ይቀበላል። ከ10 ቶን በላይ ከመንገደኛው ጋር ይዞ መሄድ ይችላል። ስለዚህ "በየቀኑ በረራ ጀመርን" ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "በምን?" ብዬ ነው። በትንሹ በየቀኑ ከሚመጣ በትልቁ በሳምንት ሦስቴ ቢመጣ ለእኔ ይሻላል።

የአበባ ላኪዎቹ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። የእነሱ ገበያ አውሮፓ ነው፤ ብዙው በሙሉ የጭነት አውሮፕላን ወደ ሊዬዥ ወይም አምስተርዳም ይሄዳል። የባሕረ ሰላጤ የመንገደኛ በረራ ቢጨመር ብዙም አይነካቸውም።

የአፍሪካ ኅብረት ጎረቤት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ። ሥራዬ ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገናኛል።

አንድ የውጭ አየር መንገድ ስለፈለገ ብቻ በረራ አይጨምርም። ሁለቱ መንግሥታት የአየር አገልግሎት ስምምነት አላቸው። በሳምንት ስንት ጊዜ፣ የት የት፣ በማን በኩል የሚለው እዚያ ይወሰናል። ብዙውን ጊዜ የተሰጠውን ያህል ይመለሳል። የስታዲየሟ "በምላሹ ምን አገኘን?" ያለችው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ለእነሱ ሰባት በረራ ፈቅደን ለእኛ በደህና ሰዓት ማረፊያ ካልተሰጠን ሚዛኑ ተዛብቷል። የተጨናነቀ ኤርፖርት ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታ መስጠት እንደ መስጠት አይቆጠርም።

አሁን የሰንጋ ተራውን ወንድሜን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ለሌላው አፍሪካዊ የውጭ አየር መንገድ ማን ነው? እኛ ነን። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከቶጎ ከተማ ከሎሜ በሚበረው አስካይ በተባለው አየር መንገድ ውስጥ ባለድርሻ ነን። ማላዊ ውስጥም አለን። ከሎሜ መንገደኛ ጭነን አሜሪካ እንሄዳለን። ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ በ2022 የእኛ አየር መንገድ አዲስ ሊቋቋም በነበረው ናይጄሪያ ኤር ውስጥ 49 በመቶ ድርሻ እንዲይዝ ተመረጠ። የአገሩ አየር መንገዶች ፍርድ ቤት ሄዱ። "በራችን ላይ መጥተው ሊውጡን ነው" አሉ። በ2023 ነገሩ ታገደ። እነሱ ያሉትና አንተ እዚህ የጻፍከው አንድ ዓይነት ነው። እኛ ሌጎስ ላይ በሩ እንዲከፈት እየጠየቅን ቦሌ ላይ እንዝጋ ብንል ማን ይሰማናል?

ይህ ከተማ በዚህ ጉዳይ ላይ ልዩ ቦታ አለው። የያሙሱክሮ ውሳኔ የሚባለው የአፍሪካ አገሮች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1999 የአፍሪካ ሰማይ ለአፍሪካ አየር መንገዶች ይከፈት አለ። ብዙ ዓመት ወረቀት ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 እዚሁ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ ኅብረቱ ስብሰባ ላይ፣ የአፍሪካ የጋራ የአየር ገበያ ተመረቀ። መጀመሪያ የፈረሙት 23 አገሮች ናቸው፤ ኢትዮጵያ አንዷ ነች። ሆኖም ዛሬም ከአንድ የአፍሪካ ከተማ ወደ ጎረቤቱ ለመሄድ በኢስታንቡል ወይም በዱባይ የሚዞር ሰው አለ። የባሕረ ሰላጤዎቹና ቱርኮቹ በረራ የሚያበዙት ይህን ክፍተት አይተው ነው። ተርኪሽ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ሞቃዲሾ መብረር ሲጀምር ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ አየር መንገዶች ከዚያች ከተማ ከጠፉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ቀድሞ የገባ ደንበኛውን ያዘ።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። የውጭ አየር መንገድ እዚህ ትኬት በብር ሲሸጥ፣ ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ወደ አገሩ መውሰድ አለበት። ካልቻለ በረራ ይቀንሳል። ኤምሬትስ በ2022 ናይጄሪያን ያቆመው በዚህ ነው፤ ገንዘቡ ታስሮበት ነበር። ወደ ሌጎስ የተመለሰው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ነው። የአየር መንገዶች ዓለም አቀፍ ማኅበር አያታም በ2024 የአየር መንገዶች ገንዘብ ከተያዘባቸው አገሮች መሃል ኢትዮጵያን ጠርቷል፤ 149 ሚሊዮን ዶላር። ስለዚህ አሁን አንድ አየር መንገድ በረራ እጨምራለሁ ካለ ገንዘቡን ማውጣት እንደሚችል አምኗል ማለት ነው። ትኬት በብር መወደዱ ያሳምማል። ግን የድሮው ተመን ቢቀጥል ኖሮ ስለ ጭማሪ ሳይሆን ስለ ቅነሳ እናወራ ነበር።

የሰንጋ ተራ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

የናይጄሪያውን ነገር በዚህ ዓይን አላየሁትም ነበር። የተናገርከው ከባድ ነው።

ቢሆንም አቋሜን ሙሉ በሙሉ አልተውም። አስካይ ላይ ስንገባ ቶጎዎች አብረው ባለቤት ናቸው። አውሮፕላኑ ሎሜ ያድራል፣ ሠራተኛው እዚያ ይቀጠራል፣ ሎሜ የበረራ ማዕከል ሆነች። የባሕረ ሰላጤው ኩባንያ እዚህ ሲመጣ ግን መንገደኛ ጭኖ ይሄዳል እንጂ እዚህ የሚተክለው ነገር የለም። ልዩነት አለው። በር ይከፈት ካላችሁ እሺ። ግን ቢያንስ ልጆቻችንን ይቅጠሩ፣ የቤይሩቷ እህታችን ያለችውን ያድርጉ፣ ጥገናውንም እዚሁ ያሠሩ። ፈቃድ ሰጪው ይህን ይጠይቅልን።

የካዛንቺሱ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:15

ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ለእኛ የመንገደኛ ቁጥር ሳይሆን ከኤርፖርቱ የሚወጣ ሰው ቁጥር ነው የሚታየን። ቦሌ ከሚገባው ብዙው አልፎ ሂያጅ ነው። ጠዋት ከአውሮፓና ከእስያ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናል። ማታ ደግሞ በተቃራኒው። ከተማዋን ሳያያት ይሄዳል።

የውጭ አየር መንገድ ይዞት የሚመጣው ሰው ግን ቦሌ ላይ አይቀይርም። ወይ አዲስ አበባ ነው ጉዳዩ፣ ወይ ከዚህ ተነስቶ ላሊበላ፣ አክሱም፣ ባሕር ዳር ይሄዳል። እኛ ጋ የሚያድረው እሱ ነው። ስለዚህ እኔ በደስታ ነው የምቀበላቸው። በየካቲት የኅብረቱ ጉባኤ ሰሞን ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ አልጋ አይገኝም፤ ከጉባኤው በኋላ ግን ጭር ይላል። ያን ጭር ያለ ጊዜ የሚሞላ መንገደኛ ነው የሚያስፈልገን።

አንድ ያልተመቸን ነገር ሰዓቱ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚገባ እንግዳ ያለፈውን ሌሊት ሒሳብ ይከፍላል፤ ይከፋዋል። እኛም ሹፌር ልናቆም፣ ሠራተኛ ልናሳድር ነው። ከአዲሶቹ በረራዎች ውስጥ አንዱ እንኳን በቀን ቢገባ ለከተማው ሆቴል ትልቅ ነገር ነው። ያው የእነሱ ሰዓት የሚወሰነው እዚያ ዋና ጣቢያቸው ላይ ከሚገናኙት ሌሎች በረራዎች ጋር ነው። ቢሆንም መጠየቅ ይቻላል።

አራት ኪሎ ተማሪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

ጋሼ መካኒክ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ለዚህ ነገር ምን ይለውጣል? የውጭዎቹ እንዲበዙ ነው የሚሠራው ወይስ ለእኛው?

የድሮው መካኒክ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:50

ልጄ፣ በዋናነት ለእኛው ነው። ቦሌ እ.ኤ.አ. በ2019 ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲይዝ ተደረገ። ከዚያ በላይ እንዳይሰፋ ከተማው ከቦታል። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ የሚሠራው አዲሱ ግን መጨረሻው ላይ በዓመት 110 ሚሊዮን ሰው እንዲያስተናግድ ነው የታቀደው። እንዲህ ያለ ኤርፖርት በአንድ አየር መንገድ ብቻ አይሞላም። የውጭዎቹም ይፈለጋሉ።

እኔን እንደ ባለሙያ ደስ የሚለኝ ከፍታው ነው። ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ለመንገደኛ ይህ ቁጥር ምንም አይመስልም። ለአውሮፕላን ግን በርካታ ቶን ነው። ዛሬ ቦሌ ላይ የምንተወው ነዳጅና ጭነት እዚያ ይጫናል። ካርጎ የሚሠራው ልጅም ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። ሥጋው የሚወጣበት ቄራም እዚያው አካባቢ ነው።

ካርጎ ቦሌ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

ጋሼ፣ እኛማ ቀኑን እየጠበቅን ነው። ከሞጆ ተነስቶ አዲስ አበባ ትራፊክ ውስጥ የሚቆም የማቀዝቀዣ መኪና የለም ማለት ነው።

ሚኪ 22 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:05

የስታዲየሟ፣ እህቴ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው፤ ይቅርታ። እናቴ ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው፣ እህቴ ጋ። የመጀመሪያዋ ነው። ከአማርኛ ሌላ አትችልም። በእኛው በቀጥታ ትሂድ ወይስ አውሮፕላን ቀይራ በውጭው? የውጭው ረከስ ይላል።

የስታዲየሟ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:40

ከርዕሱ አልወጣህም። ይኸው ነው ርዕሱ።

ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በቀጥታ ላካቸው። ፍራንክፈርት ከሆነ መድረሻቸው ሁለት ቀጥታ አማራጭ አለህ፣ የእኛው አለ፣ ሉፍታንዛም አለ። ሁለቱንም ጠይቅ፤ የአንዱ ዋጋ ሌላውን ያስተካክልልሃል። ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ መቀየር ግድ ከሆነ ግን መሃል ላይ ያለው ጊዜ ከሁለት ሰዓት በታች እንዳይሆን፣ ከአምስት ሰዓት በላይም እንዳይሆን። ሁለቱም በረራ አንድ ትኬት ላይ ይሁን። ለየብቻ ከተቆረጠ የመጀመሪያው ቢዘገይ ለሁለተኛው ማንም አይጠየቅም።

ደግሞ ዊልቸር አስመዝግብላቸው። መራመድ ባያቅታቸውም። ትኬቱ ሲቆረጥ እዚያው ይጠየቃል፤ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት። ክፍያ የለውም። ሰው ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ፣ ፓስፖርት ማሳያውን አሳልፎ፣ ሌላው አውሮፕላን በር ድረስ ያደርሳቸዋል። እናቶቻችን "እኔ ምን ሆንኩ፣ ደህና ነኝ" ብለው እምቢ ይላሉ። አንተ አስረዳቸው። የእህትህን ስልክና አድራሻ በጀርመንኛ ወረቀት ላይ ጽፈህ ቦርሳቸው ውስጥ ሳይሆን ፓስፖርታቸው ውስጥ አድርግ። ቂቤውንና በርበሬውን እጅ ሻንጣ ላይ አታድርግባቸው፤ ቅቤ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ሊቆጠር ይችላል። በተጨማሪ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ቂቤው ጭራሽ ቢቀር ይሻላል። በርበሬው ግን በደንብ ታሽጎ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ።

ቀኑን ስትወስን ጻፍልኝ፤ ሁለቱንም ዋጋ አይቼ እነግርሃለሁ።